ሳይለመን የታጠፈው ትሪ

«እትዬ ቢሆንስ» የሚለውን ስም ያወጣላት ታፔላ የሚሰቅለው ረጅሙ ሰውዬ ነው። እሷም በቁመቱ የተነሣ «መሰላል» ስትለው ኖራለችና አልተቀያየሙም። ስሙ ለምን እንደወጣላት ማንም አይጠይቅም። ዝናብ ሳይመጣ «ዝናብ ቢመጣስ?» ትላለች። ሲመጣ «ባያባራስ?» ትላለች። ቤቷን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ቁልፉን ትነካካለች፤ ጥቂት ሄድ ስትል ደግሞ ቁልፉ በመነካካቱ የተከፈተ ይመስላታል።

እጇ ላይ ግን ጭንቀት የለም። በታፔላ ቤቱ ውስጥ አጣፊዋ እሷ ናት።

ሥራው እንዲህ ነው። ኮምፖዚት የሚሉት ፓነል ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ገጽ አለው፤ በሁለቱ መካከል ጥቁር ፕላስቲክ ተጣብቆ ይቀመጣል። ቆራጩ ፓነሉን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ይደፋውና በጀርባው በኩል ጠርዝ ጠርዙን ቦይ ያወጣለታል። ማሽኑ ከጠረጴዛው በላይ በሐዲድ ይሄዳል፤ ጥርሱ የጀርባውን አሉሚኒየምና ፕላስቲኩን ይበላና የፊቱን ገጽ ሳይነካ ያልፋል። ከዚያ አጣፊዋ ጠርዞቹን በቦዩ ላይ ወደ ላይ ታጥፋለች፤ ማዕዘኖቹ ሪቬት በሚሉት የብረት ማያያዣ ይያያዛሉ፤ ጠፍጣፋ የነበረው ነገር ትሪ ይሆናል። ትሪው ተገልብጦ ሱቅ በር ላይ ሲወጣ ታፔላ ነው። ፊቱ ላይ ከፋብሪካ ጀምሮ የተለጠፈ ላስቲክ አለ። ላስቲኩ የሚላጠው ታፔላው ከተሰቀለ በኋላ ነው እንጂ በሥራ ቦታ ማንም አይነካውም። ቢጫርስ? በዚህኛው «ቢሆንስ» እንኳ ሁሉም ከእሷ ጋር ይስማማል።

ማጠፍ ላየው ሰው ጉልበት ይመስላል። አይደለም። በደህና የተቆረጠ ቦይ እምቢ እያለ እሺ ይላል። በሁለት መዳፍ ስትጫኚው ይጠነክራል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያ ያኮረፈ ልጅ በመጨረሻ እንደሚታረቀው ለስለስ ብሎ ይመጣል። አንዴ ከታጠፈ ደግሞ አለቀ። መልሰሽ የዘረጋሽው እንደሆነ በታጠፈበት ይሰነጠቃል። ይህን አዲስ የገባ ሰው እንኳ በመጀመሪያው ቀን ይማረዋል።

ያን ቀን ጠዋት ወደ ሥራ የሄደችው ከልጇ ጋር ነበር። ልጇ እየሄደ ተኝቷል። የልጅ ልጇ ከተወለደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ሕፃኗ ቀኑንና ሌሊቱን አቀያይራዋለች፤ ጨለማ ሲሆን ዓይኗ ይፈጣል፣ ሲነጋ እንደ ሹም ትተኛለች። ሁለት ክፍል ናት ቤቷ፣ በክፍሎቹ መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። እናት ስትደክም አባት ይሸከማል፣ አባት ሲደክም አያት ትሸከማለች፣ አያት ስትደክም ደግሞ ተመልሶ ለእናት ይደርሳል።

«ዓይንህን ክፈት፤ መኪና መጣ።»

«ከፍቻለሁ።»

«አልከፈትክም።»

«አንዱን ከፍቻለሁ እማዬ። ሌላውን ተራ እያስጠበቅኩት ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ግን ጨነቃት። ይህ ልጅ ነው እንግዲህ ዛሬ ማሽን ላይ የሚቆመው።

እዚያ ማሽን ላይ ያቆመችው እሷ ናት። የቀድሞው ቆራጭ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ተዉት። ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት የታፔላ ቤቱ ባለቤት ሌላ ሰው ሲያፈላልግ፣ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ገብታ «ልጄ አለ፤ በእኔ ይሁንብዎ» አለች። ጋሼ ከአባቱ የወረሰውን ሥራ የያዘ፣ ወገቡን የሚያመው፣ ሲቆጣ የማይጮኽ ሰው ነው። ልጇ ሥራውን ቶሎ ለመደ። ሕፃኗ ስትወለድ ግን አንድ ትልቅ ፓነል አበላሸ፤ ልኩን ገልብጦ ቆረጠው። ጋሼ ያን ጊዜ የተናገረው ልጁን አይደለም፤ እሷን ነው።

«እህቴ፣ ስለማከብርሽ አልጮህም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ዝም ብዬ ሌላ ሰው አመጣለሁ።»

ቢጮህ ይሻላት ነበር። የጮኸ ሰው ይወጣለታል።

ሲገቡ መሰላል ከጋሼ ጋር ይከራከራል።

«መሰላሉን ከሥር የሚይዝልኝ ሰው ስጡኝ እንጂ ጋሼ! ሽማግሌው እያሉ ራሳቸው የቆረጡትን ራሳቸው መጥተው ይይዙልኝ ነበር። አባትዎ ያወጡት ደንብ ነው ይሉ ነበር። አሁን ግድግዳውንና ፈጣሪን ነው የምይዘው።»

«ልጁ ከማሽኑ ከተነሣ ማን ይቆርጣል? ሥራው ተቆልሎ እያየኸው።»

«እንግዲህ የወደቅኩ ቀን ትመጣላችሁ።»

«አንተ ብትወድቅ ምን ትሆናለህ?» አለች እትዬ ቢሆንስ መደረቢያዋን እያሠረች። «ግማሽህ እንደሆነ መሬት ላይ ነው ያለው።»

«ተመልከቱ! ለእኔ ሲሆን ‹ቢሆንስ› የላትም!»

የዚያን ቀን ሥራ የዳቦ ቤቱ ታፔላ ነበር፤ ማር የመሰለ ቀለም ያለው፣ ከበሩ ጫፍ እስከ መስኮቱ ጫፍ የሚደርስ አንድ ረጅም ትሪ። ዳቦ ቤቱ የእነሱው ነው፤ ከቤታቸው ወረድ ብሎ መታጠፊያው ላይ። ጠዋትና ማታ ሰው በሩ ላይ ይሰለፋል። ምራቷም ሕፃኗን አዝላ እዚያው ትሰለፋለች። ልጇ ፓነሉን ሲያወጣ ደስ ብሎት ነበር። «የእኛ ዳቦ ቤት ነው፤ ሰውዬው የተቃጠለውን መስጠት ይተውልን ይሆናል» አለ። ከዚያ ማሽኑ ጮኸ፣ ጥቁርና ነጭ ፍቅፋቂ ተረጨ፣ ቦዩም ወጣ። ቆረጠና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወደ ሌላ ፓነል ዞረ።

እሷ ሳታጥፍ በፊት ሁልጊዜ የምታደርጋት ነገር አለች። በጥፍሯ ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትዳስሳለች። ጥቁሩ ፕላስቲክ ትንሽ ቀርቶ ከሆነ ጥፍሯ ለስላሳ ነገር ያገኛል፤ እሱ ነው ደህናው። ያን ቀን ግን አልዳሰሰችም። ሌሊቱን ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ስትንጎራደድ ነው ያደረችው፤ ጥፍሯ መኖሩንም የረሳች መሰለች።

አጫጭሮቹን ጠርዞች አጠፈች። እምቢ እያሉ እሺ አሉ። ታችኛውን ረጅም ጠርዝ አጠፈች፤ እሱም ደህና። የላይኛውን፣ ታፔላው ሲሰቀል ክብደቱ ሁሉ የሚንጠለጠልበትን ስትጀምር ግን መሃሉ ላይ የሆነ ነገር ተለየባት። መዳፏን አሳረፈች ብቻ፤ ትሪው ታጠፈ። ሳይለመን። እንደ ካርቶን።

እጇን አነሣችና ቆመች። ጎንበስ ብላ በቦዩ ውስጥ አየች። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር መሆን የነበረበት መስመር መሃሉ ላይ አንድ መዳፍ ያህል ነጣ ብሏል። ጥርሱ ፕላስቲኩን ጨርሶ ከፊቱ ገጽ ነክሷል። ገልብጣ ፊቱን ብታየው ምንም የለም፤ ላስቲኩ እንደነበረ ያብለጨልጫል።

ልጇን በዓይኗ ጠራችው። ማሽኑን አጥፍቶ መጣ።

«በጣትህ ንካው።»

ነካው። ፊቱ ተለወጠ።

«ጠረጴዛውን ጠርገኸው ነበር?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዞሮ ጠረጴዛውን አየ። ጠረጴዛው ላይ የቀረ ፍቅፋቂ ከፓነሉ ሥር ከገባ ፓነሉን ያነሣዋል፤ ጥርሱ ደግሞ ከፍታውን አይቀይርም፤ ያገኘውን ይበላል። ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ።

«ማንም አያየውም» አለ በመጨረሻ። «ላስቲኩ አለ። ከውስጥ ማጠናከሪያ ለጥፊበት፤ በሲሊኮን ማጣበቂያ።»

«ንፋስ ሲመታውስ? ከጊዜ በኋላ ቢሰነጠቅስ?»

«እማዬ፣ አንቺ ሁሌ ‹ቢሆንስ› ነሽ።»

«ሰው እኮ ይሰለፋል ከሥሩ።»

«እኔስ?» አለ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከእንቅልፍ ማጣት ይሁን ከሌላ ነገር አይለይም። «ጋሼ ያለውን ሰምተሻል። ሚስቴን ምን ልበላት? ልጅቷን ምን ላብላት? ለጥፊው በናትሽ።»

ለጠፈችው። ቀጭን የአሉሚኒየም ቁራጭ አምጥታ፣ ሲሊኮን አብዝታ፣ በነጣው ቦታ ላይ ከውስጥ አሳረፈችና በጨርቅ ጠረገችው። ማዕዘኖቹን በሪቬት ያዘች። ትሪው አማረ። መሰላል ከጭነት መኪናዋ ላይ አውጥቶ በገመድ አሠረውና «የእትዬ ቢሆንስ እጅ!» ብሎ ትሪውን መታ መታ አደረገው። እሷ ጆሮዋን መድፈን አማራት።

ምሳ ሰዓት ሆነ። ልጇ አንድ ጥግ ላይ ካርቶን አንጥፎ ወዲያው ተኛ። እሷ ምራቷ የቋጠረችላትን ፈታች። ዳቦ ነው። አንዱን አንሥታ ቆረሰች፤ ወደ አፏ ልታደርሰው ስትል ቆመች። ዳቦው ከዚያው ከዳቦ ቤቱ ነው። ምራቷ ጠዋት ሄዳ፣ ተሰልፋ፣ ሕፃኗን አዝላ ያመጣችው። ምራቷ ጀርባ ላይ የምትሆነውን ትንሽ ጭንቅላት በሐሳቧ አየቻት፤ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ስለሚወስዳት ወደ ኋላ ትንጋለላለች፤ ፊቷ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው። ወደ ታፔላው።

ዳቦውን መልሳ ቋጠረችው።

ድሪሉን አንሥታ ወጣች። መሰላል የመኪናዋ ኋላ ላይ ተቀምጦ ይበላል።

«አውርደው» አለችው።

«ምኑን?»

«ትሪውን።»

«አስሬዋለሁ እኮ!»

«ያሠረ ሰው ይፈታል። አውርደው ብዬሃለሁ።»

ፊቷን አይቶ ቀልዱን ዋጠው። ትሪውን አውርዶ ወደ ውስጥ፣ ወደ ማጠፊያው ጠረጴዛ አደረሰላት። የላይኛው ጠርዝ የተያዘባቸውን ሪቬቶች በድሪል አወጣቻቸው። ሲሊኮኑ ገና አልደረቀም፤ ማጠናከሪያው እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሣ። ማንም ሳያያት መደረቢያዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«እትዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ መሰላል።

ጠርዙን በሁለት እጇ ያዘችና መልሳ ዘረጋችው።

«ቀጭ» አለ። ትልቅ ድምፅ አልነበረም፤ ግን በታፔላ ቤት ውስጥ ያን ድምፅ የማያውቅ የለም። ልጇ ከካርቶኑ ላይ ተነሣ። ጋሼ ወገቡን ይዞ ከቢሮው ወጣ።

«ምንድን ነው የተሰበረው?»

«ትሪው ነው ጋሼ። እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

«የተጣመመ መሰለኝና... መልሼ ዘረጋሁት።»

ጋሼ ትሪውን አየ፣ እሷን አየ።

«አንቺ? መልሰሽ ዘረጋሽው?»

«ደክሞኝ ነው» አለች። ከተናገረችው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር። አይ፤ ሌላም ነበር። በጥፍሯ አለመዳሰሷ የእሷ ጥፋት ነው። ስለዚህ «እኔ ነኝ» ማለቷ ግማሹ እውነት ነው ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች።

ጋሼ ጎንበስ ለማለት ወገቡ እስኪፈቅድለት ጠብቆ ትሪውን ገለበጠው። አውራ ጣቱን በላስቲኩ ላይ፣ በስንጥቁ ዳር ዳር አስኬደ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆም አለች። ቀና ብሎ የመቁረጫውን ጠረጴዛ አየ። ከዚያ ልጁን አየ።

ልጁ ማሽኑ አጠገብ ቆሟል፤ ጉንጩ ላይ የካርቶን ሰንበር አለ። እናቱ በዓይኗ «ዝም በል» አለችው።

ዝም አለ።

«እሺ» አለ ጋሼ ድምፁን ሳይለውጥ። «ከዛሬ ጀምሮ ማጠፍ ይቅርብሽ። እጅሽ ደክሟል። መጥረጊያ ያዢ። አንተ፣ ከዚያው ቀለም ሌላ ፓነል አውጣና ቁረጥ። እኔ አጥፈዋለሁ።»

«በዚህ ወገብ?» አለ መሰላል።

«በወገቤ ምን ጥልቅ አደረገህ!»

መጥረጊያውን ያዘች። ከበሩ ጀምራ መጥረግ ጀመረች። እፎይ ማለት ነበረባት፤ ያ ትሪ አይሰቀልም፤ ልጇም ሥራው ላይ ነው። የፈለገችው ሁሉ ሆኗል። ታዲያ ያልተዋጠላት ምንድን ነው? ዝም በል ያለችው እሷ ናት። ዝም አለ። ልጅ እናቱን ሰማ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ግን ዝም ሲል ማየቷ፣ ምንም ሳያንገራግር፣ አንድ ጊዜ እንኳ አፉን ሳይከፍት... መጥረጊያውን ወለሉ ላይ ጠበቅ አደረገችው። ያሳደገችው ልጅ እንዲህ ቶሎ እሺ የሚል መሆኑን አታውቅም ነበር። ትሪውም ልጇም በአንድ ቀን ሳይለመኑ ታጠፉባት።

ልጁ አዲሱን ፓነል ከግድግዳው አንሥቶ ወደ ጠረጴዛው ይዞት መጣ። እሷ እያየች እንዳላየች ሆነች። ጠረጴዛው ላይ ፍቅፋቂው እንደተበተነ ነው። «ጥረገው» ልትል አፏ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው። መጥረጊያ ያዢ የተባለች ሴት ምን አግብቷት ስለ ቦይ ትናገራለች?

ፓነሉን ሊደፋው አዘነበለው። ቆመ። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ፍቅፋቂ አየ። ከዚያ መልሶ ግድግዳው ላይ አስደገፈውና ወደ እሷ መጣ።

«መጥረጊያውን ስጪኝ።»

«ሂድ ሥራህን ሥራ።»

«ስጪኝ እማዬ።»

ከእጇ ወሰደው። ጠረጴዛውን ጠረገ። ከዚያ መጥረጊያውን ጥሎ በባዶ መዳፉ ከጫፍ ጀምሮ ዳበሰው፤ እሷ ቦይ እንደምትዳብሰው፣ ቀስ ብሎ። አንድ ቦታ ላይ መዳፉን የሆነ ነገር ያዝ አደረገው። መጥረጊያው ያለፈው፣ የተጠቀለለ፣ ጠንካራ ፍቅፋቂ። በሁለት ጣቱ አንሥቶ ጥቂት አየውና ወደ ጋሼ ሄደ። እሷ ተከተለችው።

«ጋሼ፣ እሱ ገና...» ስትል ጋሼ እጁን አነሣ።

«እህቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው ሲናገር አስጨርሺ።»

ልጁ ፍቅፋቂዋን ጋሼ መዳፍ ላይ አኖራት።

«ጠረጴዛውን አልጠረግኩም ነበር። ይቺን የመሰለች ከሥር ገብታ ነው ጥርሱ ፊቱን የበላው። እሷ አላበላሸችም። መበላሸቱን አይታ ነው የሰበረችው። ለጥፊበት ብያት ነበር።» ድምፁ ተቆረጠ። «እኔ ነኝ ያልኳት።»

«አውቃለሁ» አለ ጋሼ። «ላስቲኩ ላይ ብጉር አለ። ከሥር የተኛው ነገር ፊቱን አንሥቶታል። እሷ አጥፋ በዘረጋችው ብጉር አይወጣም።»

«ካወቁ ታዲያ ለምን እሷን መጥረጊያ አስያዙ?»

«እኔ ነኝ ያለችው እሷ ናት። በእናትና በልጅ መካከል ገብቼ ምን ልፈትፍት?» ጋሼ ወንበሩ ላይ በቀስታ ተቀመጠ። «ደግሞም ያ ጠረጴዛ እንዲጠረግ ፈልጌ ነበር።»

መሰላል መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እንግዲህ... ልሂድ?» አለ ልጁ።

ጋሼ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። የእሱም ፊት የተኛ ሰው ፊት አይመስልም ነበር። «ሌላ ሰው አመጣለሁ ብዬ ነበር። አመጣለሁ፤ እሱም ሚስት ይኖረዋል፤ እሷም ትወልዳለች። እንደገና ከሀ ጀምሬ ላስተምር? ደከመኝ።» ከዚያ ቀና አለ። «አባቴ እያለ የቆረጠ ሰው ነበር ከሥር የሚይዘው። ሥራ በዛ ብዬ ደንቡን የተውኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ቆርጠህ አብረህ ትሄዳለህ። ይሰቀላል፣ ላስቲኩ ይላጣል፣ መሰላል ይወርዳል፤ እስከዚያ ከሥሩ ንቅንቅ አትልም። ከዛሬ በኋላም እንደዚያው።»

«እሺ ጋሼ።»

«ያጠፈችውም።»

«እኔም?» አለች እትዬ ቢሆንስ።

«ወገቤን እያመመኝ የማጥፍ መሰለሽ?»

«ተመስገን!» አለ መሰላል። «ከሥር የሚይዝልኝ አጥቼ አሁን ቤተሰብ ተሰጠኝ።»

ሁለተኛው ትሪ ሲቆረጥ እሷ ከማሽኑ ራቅ ብላ ቆመች። ማሽኑ ሲያርፍ ልጇ ወደ ጎን ብሎ ቦታውን ለቀቀላት። በጥፍሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ለስላሳ። ለስላሳ። መሃሉ ላይ ስትደርስ ተመልሳ ሄደችበት። ለስላሳ። የላይኛውን ጠርዝ በመዳፎቿ ተጫነችው። እምቢ አላት። ጨመረችበት፤ አሁንም እምቢ። እንዲህ ደክሟት እንዲህ ያለ ግትር ነገር ደስ አሰኝቷት አያውቅም። ከዚያ ለስለስ ብሎ መጣ።

ዳቦ ቤቱ ዘንድ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ቤቶቹ ጀርባ ወርዳለች። የማታው ዳቦ የሚወጣበት ሰዓት ስለነበር ሰው መሰለፍ ጀምሯል። ዳቦ ጋጋሪው ሰውዬ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወጥቶ «ሰዉን አታስደነግጡብኝ» ብሎ ተመለሰ። መሰላል ትሪውን ከግድግዳው ብረት ጋር በብሎን ሲያሥር ልጇ ከሥር የመሰላሉን አንድ እግር ያዘ። ሌላውን እሷ ያዘች። ነፋስ ተነሣ። ትሪው ግድግዳው ላይ ዱም አለ። ልቧ አብሮ ዱም አለ።

«እንዴት ነው?» አለች ወደ ላይ።

«የማን እጅ ሆኖ!»

«ቢሆንም እየው።»

«አየሁት። አሁን ደግሞ ዝም በይልኝ፤ ሁለት እጅ ነው ያለኝ።»

በዚህ መሃል ምራቷ በሰልፉ መጨረሻ መጣች። ነጠላዋ አንድ ወገን ወርዷል፤ ሕፃኗን አዝላለች። ባሏንና አማቷን አንድ መሰላል ይዘው ስታያቸው ገረማትና ሳቀች። ሰልፉ አንድ እርምጃ ተራመደ። ሌላ እርምጃ። ምራቷ ልክ ከታፔላው ሥር ደረሰች።

«ወዲያ በይ» የሚለው ቃል ከእትዬ ቢሆንስ ጥርስ ላይ ደርሷል። ልጇ አያት። የመሰላሉን እግር እንደያዘ ብቻ አያት፤ ሲፈራም አየችው፤ እሱም እንደ እሷ ወደ ላይ፣ ወደ ሕፃኗ፣ እንደገና ወደ ላይ ያያል። ከዚያ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ሚስቱንም አላንቀሳቀሳትም።

ቃሉን ዋጠችው። መውረድ አስቸግሮት ነበር፤ ግን ወረደ።

መሰላል ከላይ ላስቲኩን ከጥግ ይዞ ላጠው። ረጅም ድምፅ እያሰማ ተነሣ፤ ማር የመሰለው ቀለም ወጣ፤ ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ገጹ ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ ነው። ብጉር የለም። ምንም የለም። ዳቦ ጋጋሪው እንደገና ወጥቶ ራቅ ብሎ አየ፣ ጠጋ ብሎ አየ፣ «ደህና ነው» አለ፤ ለአንድ ዓመት ያህል ሲጠብቁት የነበረ ቃል ይመስል።

«ልወርድ ነው፤ ያዙኝ» አለ መሰላል። ከዚያ ወደ ታች አየና ቆመ። «ኧረ እትዬ፣ ልጅሽ ተኝቷል!»

እውነቱን ነው። ልጇ መሰላሉን በሁለት እጁ እንደጨበጠ ግንባሩን ብረቱ ላይ አሳርፎ፣ ቆሞ ተኝቷል። እጁ ግን አልላላም።

«አንተ!» አለች እትዬ ቢሆንስ።

«ይዤዋለሁ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

የእሱን ወገን በአንድ እጇ፣ የራሷን በሌላው ያዘች። መሰላል ሦስት ጊዜ «ቢለቁኝስ?» እያለ እያላገጠባት ወረደ። ምራቷ ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ዳቦ ይዛ ስትወጣ እትዬ ቢሆንስ ነጠላዋን አስተካከለችና ጀርባዋን ሰጠቻት።

«አምጫት፤ ዛሬ ከእኔ ጋር ታድራለች። እናንተ ተኙ።»

«እርስዎስ እማማ? ይደክምዎታል እኮ።»

«ደክሞኛል» አለች። «እዘይኝ ብቻ።»

ሕፃኗን አዘለችላት። ልጇ ዳቦውን ይዞ እየተደነቃቀፈ ቀደመ። እትዬ ቢሆንስ ሁለት ጊዜ ዞራ ታፔላውን አየች፤ ሁለት ጊዜም እዚያው ነበር። ሦስተኛ ልትዞር ስትል ትከሻዋ ላይ ሙቀት ተሰማትና አንገቷን ጠምዘዝ አደረገች። ሕፃኗ ቀና ብላለች። ሁለቱም ዓይኖቿ እንደ ሳንቲም ፈጠው የጨለመውን መንገድ ያያሉ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለቻት እትዬ ቢሆንስ። «ከዚህ ሁሉ ሰው የነቃሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»